አራት ጊዜ የተቀባው ቤት

አንድ የጤና ኮሌጅ በአንድ ከተማ ዳር ነበረ። ኮሌጁ በተማሪዎቹ ይኮራል፤ ተማሪዎቹ ለአካባቢው ሕዝብ በሚሰጡት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ደግሞ ከዚያም በላይ ይኮራል። አርባ ሰዓት በነፃ ያላገለገለ ተማሪ አይመረቅም። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው፤ እኔም ደንቡን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። የደረሰውን ልናገር ነው። መጀመሪያ ስሰማው ክው ብዬ ቀርቻለሁ፤ እስቲ እናንተም ስሙትና ፍረዱ።

ተማሪዎቹን ከሰፈሩ ሰው ጋር የሚያገናኝ አንድ ቢሮ ነበር። የቢሮው ኃላፊ አቶ ልሳኑ ይባላሉ። አቶ ልሳኑ ሰነፍ አይደሉም፤ ክፉም አይደሉም። እንዲያውም ከሁሉ ቀድመው ቢሮ የሚገቡ፣ ከሁሉ ኋላ የሚወጡ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ አንባቢ ሁሉ ጣቱን እሳቸው ላይ ቀስሮ ራሱን ነፃ እንዳያወጣ ነው።

አቶ ልሳኑ ግድግዳቸው ላይ ትልቅ ሰሌዳ ሰቅለዋል። በስተግራ የተማሪዎች ስም፣ በስተቀኝ የአገልግሎት ቦታዎች ተጽፈዋል፤ መሐሉ ላይ ስሙን ከቦታው የሚያገናኝ ቀይ ክር ተወጥሯል። አንድ ተማሪ ሊመዘገብ ሲመጣ አሥራ ስድስት ጥያቄ ያለበት ቅጽ ይሞላል። ምን መሥራት ይወዳሉ? የትኛው ቀን ይመችዎታል? የካኔቴራዎ ልክ ስንት ነው? ከፍታ ያስፈራዎታል? አቧራ ያስነጥስዎታል? ለተማሪው ያልታሰበለት ነገር አልነበረም።

ለሚረዱት ሰዎች ግን ቅጽ የለም። የእነሱን ስም ዝርዝር ቀበሌው ይልካል፤ ከስሙ ጎን «ቤቱ ያረጀ» ወይም «ጧሪ የሌለው» ተብሎ ይጻፋል፤ በዚህ ያበቃል። ከዝርዝሩም ቶሎ የሚመረጠው አውቶቡስ የሚደርስበት ቤት ነው። ሠላሳ ተማሪ መሰላልና የቀለም ጣሳ ተሸክሞ፣ ባነር ጠቅልሎ ይዞ ጭቃ ለጭቃ አይሄድማ!

እማማ ትርንጎ የሚባሉ አንዲት አሮጊት ቤታቸው አስፋልቱ ዳር ነው። ከኮሌጁ በር እስከ እሳቸው በራፍ አራት መቶ እርምጃ አይሞላም። ባላቸውን ቀብረው፣ አንዲት ልጃቸውን ሩቅ አገር ድረው ብቻቸውን ይኖራሉ። የጭቃ ቤታቸው ፊቱን ለመንገዱ ስለሰጠ ባነር ሲሰቀልበት ከሩቅ ይነበባል፤ ፎቶም ያምርበታል። ስለዚህ በየዓመቱ የተማሪዎቹ ክር እሳቸው ቤት ላይ ይወጠራል፤ ቤቱም በየዓመቱ ይቀባል።

በመጀመሪያው ዓመት አረንጓዴ ተቀባ። እማማ ትርንጎ መንገዱን ተሻግረው ቆመው አዩትና እልል አሉ። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ግንባራቸውን እየሳሙ መረቁ። ያ ቀን እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ማንም አይክደውም።

በሁለተኛው ዓመት አረንጓዴው ገና ሳይደበዝዝ በላዩ ላይ ክሬም ተቀባ። ያን ዕለት እማማ ትርንጎ ከተማሪዎቹ አንዱን ክንዱን ያዝ አድርገው፣

«ልጄ፣ ከጎኔ የሚመጣ ሰው አይታየኝም። ሰው እየገጨሁ ተቸገርኩ እኮ» አሉት።

«አይዞዎት እማማ፣ ዕድሜ ነው» አላቸው ልጁ፣ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ እየነከረ።

እማማ ትርንጎም አመኑት። የጤና ተማሪ ዕድሜ ነው ካለ ዕድሜ ነው። ጎረቤቶቻቸውም ይህንኑ ነበር የሚሏቸው።

በሦስተኛው ዓመት ሰማያዊ ተቀባ። በዚያ ዓመት ከመጡት ተማሪዎች መካከል ሶስና የምትባል የዓይን ሕክምና ተማሪ ነበረች፤ የሁለተኛ ዓመት። ሶስና መሰላል ላይ ወጥታ የላይኛውን ግድግዳ ስትቀባ እማማ ትርንጎ ድምፅዋን ተከትለው ከሥሯ መጥተው ቆሙ።

«ልጄ፣ እናንተ ሐኪሞች ናችሁ አሉኝ። ዓይኔን እየጋረደኝ ነው፤ እስቲ ወርደሽ እዪልኝ።»

«እማማ፣ እኛ ዛሬ የተመደብነው ለቀለም ነው። ቆይ፣ ይቺን ግድግዳ ልጨርስና» አለቻቸው።

ሶስና የልቧን ነበር የተናገረችው፤ ጨርሳ ልታያቸው አስባ ነበር። ግድግዳው ሲያልቅ ግን አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ተማሪዎቹ እየተጋፉ ወጡ፤ እሷም ወጣች። በማግሥቱ ቅጿ ላይ ስምንት ሰዓት ተጻፈላት።

በአራተኛው ዓመት ሮዝ ተቀባ። እማማ ትርንጎ ያን ዕለት ለማንም ምንም አልተናገሩም። በራፋቸው ላይ በርጩማቸውን አስቀምጠው የቀለሙን ሽታ እያሸተቱ ዋሉ። አንድ ተማሪ ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ ያምራል አይደል?» ቢላቸው፣ «ያምራል ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ?

አሁን ወደ ኮሌጁ ግቢ ልመልሳችሁ፤ ደሜን ያፈላው ነገር ያለው እዚያ ነው። በዚያው ዓመት የዓይን ሕክምና ተማሪዎች አንድ ማመልከቻ ጽፈው ነበር። «ለተግባር ልምምድ የሚሆን ታካሚ አጣን» ይላል። ኮሌጁ ጥሩ የዓይን መመርመሪያ ክፍል አለው፤ መሣሪያው አዲስ ነው፤ የምታስተምራቸውም ዶክተር ጥሩዬ የታወቀች ሐኪም ናት። የሚመረመር ሰው ግን የለም። ስለዚህ ተማሪዎቹ ተራ ገብተው እርስ በርሳቸው ይመረማመራሉ። የሃያ ዓመት ጎረምሳ የሃያ ዓመት ጎረምሳን ዓይን ያያል፤ «ጤነኛ» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። ሶስናም ዓመቱን ሙሉ «ጤነኛ» ስትጽፍ ነው የከረመችው።

ማመልከቻው የተቀመጠው ከአቶ ልሳኑ ቢሮ ቀጥሎ ባለው ቢሮ ነው። ሁለቱ ቢሮዎች ግድግዳ ይጋራሉ፤ ሠራተኞቹም ምሳ አብረው ይበላሉ። እስቲ አስቡት! ግቢው ውስጥ የበሽተኛ ያለህ ይባላል፤ አራት መቶ እርምጃ ወዲያ አንዲት እናት የሐኪም ያለህ ይላሉ። በየዓመቱ ከዚያ ወደዚህ፣ ከዚህ ወደዚያ የሚመላለሰው ግን ቀለም ነው።

በዚያው ዓመት ኮሌጁ አሥረኛ ዓመቱን ያከበረ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የከተማው ሹማምንት መጡ፣ ወላጆች መጡ። ብዙ ሰዓት ያገለገሉ ተማሪዎች የምስጋና ወረቀት ይሸለሙ ነበር፤ ሶስናም ከፊተኛው ረድፍ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከአገልግሎቱ ተጠቃሚዎች አንድ ሰው ይናገር ተባለና እማማ ትርንጎ ተጠሩ። ሁለት ተማሪዎች ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ደግፈው ወደ መድረኩ አወጧቸው። እንግዶቹ ይህን አይተው፣ «እንዴት ያለ አክብሮት ነው!» እያሉ አጨበጨቡ።

ከመድረኩ ጀርባ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ የእማማ ትርንጎ ቤት ፎቶ በራ። የመድረክ መሪው ማይክራፎኑን አስጠግቶላቸው፣

«እማማ፣ እነዚህ ልጆች ቤትዎን አራት ጊዜ ቀብተውልዎታል። ምን ተሰማዎት?» አላቸው።

«እግዚአብሔር ያክብራቸው። ልጆች ናቸው፣ ደክመዋል። ወልደው ለመሳም ያብቃቸው» አሉ እማማ ትርንጎ። ሕዝቡ አሜን አለ። እሳቸውም፣ «አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ጎረቤት እንዳልጠይቅ ያፈርኩበት ነው። ቤቴ አሁን ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ቀልድ መስሏቸዋል። የመድረክ መሪውም እየሳቀ፣ «እማማ፣ ይኸው ከኋላዎ ስክሪኑ ላይ አለልዎት እኮ!» አላቸው።

እማማ ትርንጎ ዞሩ። የዞሩት ግን ወደ ስክሪኑ አልነበረም። ጥጉ ላይ ወዳለው ጥቁር መጋረጃ ዞረው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣

«የት?» አሉ።

ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው እንደነገረኝ፣ ሳቁ ከሰው ሁሉ አፍ ላይ በአንድ ጊዜ ጠፋ። አንድ ሰው አፉን በእጁ ያዘ። ክንዳቸውን የደገፉት ሁለት ተማሪዎች፣ ምን ይዘው እንደቆሙ ገና ያን ጊዜ ገባቸውና እርስ በርስ ተያዩ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ መድረኩ ጠጋ አሉ።

«እማማ፣ አይታይዎትም እንዴ?»

«አይታየኝም። አረንጓዴውን አይቼዋለሁ። ክሬሙንም በጭላንጭል አይቼዋለሁ። ሰማያዊውን ሰው ነው የነገረኝ። የአሁኑን ግን ማንም አልነገረኝም።»

«ታዲያ ለልጆቹ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ኧረ ነግሬያቸዋለሁ! ለቀለም ነው የተመደብነው አሉኝ።»

በክስ ቃል አልነበረም የተናገሩት። ልጆቹ እንዳይወቀሱባቸው ሰግተው ፈጠን ብለው፣ «ሥራ ይዘው ነው እኮ» ብለው ጨመሩበት። ያ ነው ሰውን ይበልጥ ያስደነገጠው።

ሶስና ከመቀመጫዋ መቼ እንደተነሣች አታውቅም። መድረኩ ላይ ወጣች፤ ከእማማ ትርንጎ ፊት ቆማ ዓይኖቻቸውን አየች። ዓይኖቻቸው ንጹሕ ናቸው። ነጭ ነገር የለባቸው፣ ቀይ ነገር የለባቸው። አንድ ዓመት ሙሉ ስትማር የነበረው በሽታ ይኸው ነው፤ ከውጭ ምንም ሳይታይ ከውስጥ ብርሃንን የሚያጠፋው። መጽሐፏ ላይ «መጀመሪያ ከጎን የሚመጣውን ይጋርዳል» ተብሎ ተጽፎ ከሥሩ በእስክርቢቶ አስምራበታለች።

«እማማ፣ እኔ ነኝ» አለች። «መሰላሉ ላይ የነበርኩት ልጅ።»

እማማ ትርንጎ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳሰሱ።

«በድምፅሽ አወቅሁሽ» አሉ። «ግድግዳውን ጨረስሽው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላቸው ነበር? ሴትየዋ እኮ የጠየቁት ከልባቸው ነው፤ ሥራዋ ተጓጉሎባት እንደሆነ ብለው።

በዓሉ በዚያው ተበተነ። ዶክተር ጥሩዬ እማማ ትርንጎን እጃቸውን ይዛ ወደ ዓይን ክፍሉ ወሰደቻቸው። አዲሱ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ዓይን አየ። ፕሬዚዳንቱ፣ አቶ ልሳኑና ሶስና ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ዶክተሯ ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጧል።

«የዓይን ግፊት ነው» አለች። «የቀኙ ጠፍቷል። የግራውም ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አያልፍም።»

«ቀዶ ጥገናስ?» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

«ይህ በሽታ የወሰደውን አይመልስም። በጊዜ ቢደረስበት ግን ባለበት ልናቆመው እንችል ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ቢመጡ ሁለቱንም ዓይን በጠብታ እንይዘው ነበር። ባለፈው ዓመት እንኳ ቢመጡ ግራውን እናተርፍላቸው ነበር።»

ባለፈው ዓመት ማለት ሰማያዊው ቀለም ነው። ሶስና የምስጋና ወረቀቷን ቀድዳ ጣለችው ብዬ ብነግራችሁ ታሪኩ ባማረ ነበር። አልቀደደችውም። ዛሬም ሻንጣዋ ውስጥ አለ፤ ግን አውጥታ አይታው አታውቅም።

በሳምንቱ አቶ ልሳኑ ብቻቸውን በእግራቸው ወደ እማማ ትርንጎ ቤት ሄዱ። አራት ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲልኩ እሳቸው ያን ደጅ ረግጠው አያውቁም ነበር። እማማ ትርንጎ ቁጭ በል ብለው በርጩማውን በእጃቸው ፈልገው ሰጧቸው።

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አሉ አቶ ልሳኑ። «ልጆቹን የምልካቸው እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ? ጥሩ ልጆች ናቸው የምትልካቸው» አሉ እማማ ትርንጎ። ከዚያም፣ «ግን እኔን ቀለም ያስፈልጋታል ብሎ የነገረህ ማነው?» አሉ።

«ዝርዝሩ ላይ ቤቱ ያረጀ ይላል።»

«ዝርዝሩን ጠየቅኸው እንጂ እኔን አልጠየቅኸኝም።»

አቶ ልሳኑ አንገታቸውን ደፉ። ለተማሪው አሥራ ስድስት ጥያቄ ያዘጋጁ ሰው፣ ለእኚህ እናት አንድ ጥያቄ አልነበራቸውም። ቢያንስ አሁን ልጠይቅ ብለው፣

«እማማ፣ ምን ላድርግልዎት? የፈለጉትን ይበሉኝ» አሉ።

እማማ ትርንጎ ፈገግ አሉ። «ይኸው ዛሬ ጠየቅኸኝ። ለእኔስ አልፏል ልጄ። ከጓሮዬ ወዲያ በቅያሱ ገባ ብላ ብርቄ የምትባል ሴት አለች፤ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። ሰሞኑን ቤቴ ስትመጣ፣ ከጎኔ የሚመጣ ሰው አይታየኝም፣ ሰው እየገጨሁ ተቸገርኩ አለችኝ። እኔንም የጀመረኝ እንዲሁ ነበር። እባክህ ዛሬውኑ ሂድላት። ቤቷ አውቶቡስ አይደርስም።»

አቶ ልሳኑ ቢሮ ልመለስ፣ ደብዳቤ ልጻፍ፣ መኪና ላስመድብ አላሉም። በቢሮ ጫማቸው ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጠው ሄዱ። ወይዘሮ ብርቄን ልብስ ስታጥብ አገኟት። ሥራ አለብኝ፣ ነገ እመጣለሁ ብትላቸው፣ እጇን እስክታደርቅ ቆመው ጠብቀው ወደ ዓይን ክፍሉ ይዘዋት መጡ። በመሣሪያው የመረመረቻት ሶስና ነበረች፤ ዶክተር ጥሩዬ ከጀርባዋ ቆማለች። ሶስና አየች። ደግማ አየች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጤነኛ» ያልሆነ ነገር ጻፈች።

«በጊዜ ደርሰንላታል?» አለች ዞራ።

«ደርሰንላታል» አለች ዶክተሯ።

ወይዘሮ ብርቄ በየቀኑ ጠብታዋን ታደርጋለች፤ የሦስት ልጆቿን ፊት እያየች ታሳድጋለች። እማማ ትርንጎ ግን ዛሬም ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያዩም። ይህን ታሪክ አጣፍጬ ልጨርስላችሁ አልችልም፤ የጠፋው ጠፍቷል። በዚያ ኮሌጅ አሁን አዲስ ተማሪ ወደ ሰፈር ሲወጣ መጀመሪያ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። ካኔቴራ የለም፣ ባነር የለም። ቁጭ ብሎ «ምን ቸገረዎት?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሰማውን ይዞ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ማን ምን ይዞ ይሂድ የሚባለው። በመጀመሪያው ወር ብቻ ሃያ ሰባት ሰው የዓይን ክፍሉን በር አንኳኳ። ቀለም የጠየቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ለእነሱም ተቀባላቸው።

ወገኖቼ፣ የታሪኩ ቁም ነገር ይህ ነው። እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው። ሁሉም ደግ ነበር፣ ሁሉም ደክሟል፣ ሁሉም ተመስግኗል፤ በዚያ ሁሉ ደግነት መሐል አንዲት እናት ዓይናቸው ጠፋ። ደግነት ያልጠየቀ እንደሆነ ሌላውን ሳይሆን ራሱን ነው የሚያስደስተው። እውቀት ያለውን ወጣት ችግር ካለበት ሰው ጋር ማገናኘት ማለት አንዱን ወደ አንዱ ደጅ መላክ ብቻ አይደለም፤ የሚችለውንና የቸገረውን ማገናኘት ነው። ይህ ደግሞ ሳይሰሙ አይሆንም።

እናንተስ? በዚህ ሳምንት ልትረዱት ያሰባችሁት ሰው ምን እንደቸገረው ከራሱ አፍ ሰምታችኋል?